የሚለመደው ክኒኑ ነው ወይስ በሽታው?

ስለ ደም ግፊት ሕክምና ማንኛውም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

እስቲ በየሰፈራችን ወደማይታጣ አንድ ቤት በሐሳብ እንግባ። አባት የዒሻን ሶላት ከጀማዓ ጋር ሰግደው ተመልሰዋል። እናት ራት እያቀራረቡ ነው። ከዓመት በፊት አባት ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ በሄዱበት ጊዜ ግፊታቸው ተለክቶ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። በቀጠሮ ተመልሰው ሲለኩም ያው ሆነ። በየቀኑ የሚወሰድ ክኒንም ታዘዘላቸው። የክኒኑ ፓኮ ዛሬ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለብሷል።

«አባዬ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ይላል ልጅ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ምንም አላመመኝ። ራሴን ሲያዞረኝ እወስደዋለሁ። ደግሞ ይኸ ነገር ይለመዳል ይላሉ፤ አንዴ ከለመዱት አይለቅም አሉ» ይላሉ አባት።

«ነጭ ሽንኩርቱም ተስማምቷቸዋል» ይላሉ እናት ከጓዳ።

ልጅ ዝም ይላል። አባትን መከራከር ነውር ይሆንበታል፤ መልሱንም በትክክል አያውቀውም።

በዚህች አጭር ጭውውት ውስጥ ሦስት አደገኛ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ሕመም ካልተሰማ በሽታ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ክኒኑን እንደ ሱስ መቁጠር ነው። ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርትና የመሳሰሉት የሐኪምን ትእዛዝ ይተካሉ ብሎ ማመን ነው። በእነዚህ ሦስት ስሕተቶች ሳቢያ በድንገት ከቤታቸው የተለዩ ወይም ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ የቀሩ አባቶችና እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ በሽታው ምን እንደሆነ፣ ሕክምናውም ምን ምን አማራጮች እንዳሉት አንድ በአንድ እንመልከት።

ስሙ ያሳሳተን በሽታ

በአገራችን ይህ በሽታ ለብዙ ዘመን «ደም ብዛት» ሲባል ኖሯል። ስሙን የሰማ ሁሉ ደሙ በመጠን የበዛ ይመስለዋል። አንዳንዱም «ደሙ ትንሽ ይቀነስልኝ» እያለ መፍትሔውን በዚያው ይፈልጋል። የበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ግፊቱ ነው። ልባችን ደምን በረጨች ቁጥር ደሙ የደም ሥሮቻችንን ግድግዳ ይገፋል። የደም ሥሮቹ ከጠበቡና ከደረቁ፣ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ በኃይል እንደሚያልፍ ውኃ ግፊቱ ይጨምራል።

ይህን ግፊት ለመለካት የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ በፈረስ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ደሙ ከሁለት ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ ማየቱን እ.ኤ.አ. በ1733 ጽፏል። ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 ሠራ። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የደሙን ድምፅ እየሰሙ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር መለየት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው ክንዳችን ታስሮ የሚነገሩን ሁለት ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው።

በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ የደም ግፊት በሽታ አለ ይባላል። በአሜሪካ የሚገኙ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 ባወጡት መመሪያ ወሰኑን ወደ 130 በ80 አውርደውታል። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ ዝቅ ያለውን ቁጥር ዒላማ ሊያደርግ ይችላል።

ልኬቱም ሥርዓት አለው። ከመለካት በፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ጫትም አለመቃም ያስፈልጋል። ሽንት ቤት ደርሶ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ አምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍና ሁለት ጊዜ መለካት ተገቢ ነው። ከታክሲ ወርዶ እያለከለኩ የተለኩት ቁጥር ትክክለኛውን ነገር አይናገርም።

ዝም ብሎ የሚያፈርስ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት በሽታ እንዳለባቸው አስታውቋል። ከእነዚህ ውስጥ 46 በመቶ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ለምን አላወቁም? ስለማያም ነው። ግፊት ራስን ላያዞር፣ ላያስጨንቅ፣ እንቅልፍም ላይነሳ ይችላል። ሰውየው እየሠራ፣ እየሰገደ፣ እየሳቀ ሳለ ግን ከፍተኛው ግፊት የአንጎልን፣ የልብን፣ የኩላሊትንና የዓይንን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ያበላሻል። አንድ ቀን ምት (ስትሮክ) ሲመታ ወይም ኩላሊት ሥራ ሲያቆም «በድንገት ታመመ» ይባላል። ነገሩ ግን ድንገተኛ አልነበረም፤ ዓመታት የፈጀ ነው።

ለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ እናንሳ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 ሲመረመር ግፊቱ 186 በ108 ነበር። በዘመኑ ሐኪሞቹ ያላቸው መፍትሔ ዕረፍት፣ ጨው መቀነስና ለደከመው ልቡ የሚሰጥ ዲጂታሊስ የተባለ መድኃኒት ነበር። ግፊቱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድና በየቀኑ ሊወሰድ የሚችል ክኒን ገና አልተገኘም። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ምስሉን ሠዓሊ እየሣለችው ሳለ ኃይለኛ ራስ ምታት ያዘው፤ ያን ቀን የተለካው ግፊቱ 300 በ190 ደርሶ ነበር። በዚያው ዕለት አንጎሉ ውስጥ በፈሰሰ ደም ሞተ። በዓለም ላይ ኃያል የተባለው ሰው በገንዘቡም በሥልጣኑም ሊያገኘው ያልቻለውን መድኃኒት ዛሬ እኛ ከጤና ጣቢያ ወስደን መስኮት ላይ አቧራ እናለብሰዋለን። ይህ ኒዕማ አይደለምን? ኒዕማ ደግሞ የሚመሰገነው በምላስ ብቻ ሳይሆን በአግባቡ በመጠቀምም ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ፦ አኗኗርን ማስተካከል

ግፊቱ በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለና ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው ሐኪሙ ለተወሰኑ ወራት አኗኗሩን አስተካክሎ እንዲመለስ ሊነግረው ይችላል። ክኒን የተጀመረለትም ቢሆን ከዚህ አይድንም። ክኒኑና አኗኗሩ እንደ ሁለት እግር ናቸው።

ጨው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። በእኛ ቤት ይህ መጠን የሚያልፈው ሳይታወቅ ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። በአንዳንድ አካባቢ ቡናም በጨው ይጠጣል። ስለዚህ እናቶች በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨውን ቢተዉና ወጡ ውስጥ ብቻ መጥነው ቢጨምሩ፣ ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ ውለታ ይውላሉ። ምላስ ጨው ማነስን ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይፈጅበታል።

ምግብ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ 459 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ ወተት የበዛበት አመጋገብ ያለ መድኃኒት ግፊትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልገንም። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ሙዝና ብርቱካን በገበያችን አሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሙዝና ብርቱካን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

እንቅስቃሴና ክብደት። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለት በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ለአምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። መስጊዱ ሩቅ ያልሆነበት ሰው ለሶላት በእግሩ ቢመላለስ ከአጅሩ ጋር ጤናውንም ያገኛል። ክብደት የበዛበት ጥቂት ኪሎ እንኳ ቢቀንስ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል።

ጫትና ትምባሆ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያጠብባል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ክኒን ውጦ ጫት የሚቅም ሰው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው እያፈረሰ ነው። ጫቱ ለሥራም ይቃም ለጨዋታ፣ ወይም ሌሊቱን በዱዓ ለማንጋት ተብሎ ይቃም፣ ልብ ምክንያቱን አትጠይቅም። ሲጋራና ሺሻም የደም ሥርን የሚያበላሹ በመሆናቸው ከግፊት ጋር ሲደመሩ ጉዳቱን እጥፍ ድርብ ያደርጉታል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ መድኃኒቶቹ

የግፊት መድኃኒት አንድ ዓይነት አይደለም። ለጎረቤት የተስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። በብዛት የሚታዘዙት እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ትርፍ ጨውንና ውኃን ከሰውነት ያስወጣሉ። ዋጋቸው ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው ይንቃቸዋል። ነገር ግን ከ33 ሺህ በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ከዚህ ቤተሰብ የሆነው ርካሹ ክሎርታሊዶን ከውድ መድኃኒቶች እንደማያንስ አሳይቷል። የመድኃኒት ዋጋ መወደድ የመድኃኒት ብርታት ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የደም ሥርን የሚያላሉ እንደ አምሎዲፒን ያሉ ክኒኖች። ጎልቶ የሚታየው ጎጂ ጎናቸው የቁርጭምጭሚት እብጠት ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉት። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው በተለይ ይጠቅማሉ። የእነዚህ ቤተሰብ ታላቅ የሆነው ካፕቶፕሪል የተገኘው በብራዚል የሚኖር አንድ መርዘኛ እባብ መርዝ ሲመረመር ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሕክምና ተፈቀደ። ሰው የሚገድለው መርዝ ውስጥ የመድኃኒት ፍንጭ ያኖረ ጌታ ጥራት ይገባው! እነዚህ ክኒኖች አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስሉታል። ያን ጊዜ ሐኪሙ እንደ ሎሳርታን ባሉ ተቀራራቢ ክኒኖች ይተካቸዋል። ሳሉን ጠልቶ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ ግን ልክ አይደለም። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ደግሞ ክኒኑን ትቶ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ እንደ አቴኖሎል ያሉ የልብ ምትን የሚያረጋጉ ክኒኖች። በተለይ የልብ ሕመም ላለባቸው ይታዘዛሉ። አስም ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት። እነዚህን በድንገት ማቋረጥ ልብን ለአደጋ ያጋልጣል።

ብዙ ሰው ሁለት ዓይነት ክኒን ሲታዘዝለት «በሽታዬ ባሰ» ብሎ ይደነግጣል። ይህ ስሕተት ነው። ከሁለት ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ ከአንዱ ብዙ ከመውሰድ ይልቅ ግፊቱን ያወርዳል፤ ጎጂ ጎኑም ያንሳል። ከሰሐራ በታች ባሉ ስድስት የአፍሪካ አገሮች 728 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ለጥቁር አፍሪካውያን አምሎዲፒን ያለበት ጥምረት ከሌለበት የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ቢጨምር ወይም ቢቀይር እያመቻቸ ነውና በቀጠሮ መመለስ ይገባል።

እርጉዝ የሆነች ወይም ለመጸነስ ያሰበች እህት ይህን አትርሳ፦ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ፅንሱን ይጎዳሉ። በምትካቸው ሜቲልዶፓ ወይም ሐኪሙ የሚመርጠው ሌላ መድኃኒት ይሰጣል። በእርግዝና ወራት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከጡት በታች ያለ የሆድ ሕመም ከመጣ ሳይነጋ ሐኪም ቤት መድረስ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነው።

በአንጻሩ ለወገብና ለጉልበት እየተባሉ የሚዋጡት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ግፊትን ከፍ ሊያደርጉና የክኒኑን ሥራ ሊያበላሹ ይችላሉ። ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒት ቤት ሲገባ «ግፊት አለብኝ» ማለትን ይልመድ።

«ይለመዳል» የሚባለው ነገር

አሁን ወደ አባታችን ስጋት እንመለስ። ሱስ ማለት ሰውነት ነገሩን እየፈለገ፣ መጠኑን ጨምር ጨምር እያለ ሲያስቸግር ነው። የግፊት ክኒን እንዲህ አያደርግም። ክኒኑን ሲያቆሙ ግፊቱ ተመልሶ የሚወጣው ሰውነት ክኒኑን ስለለመደው ሳይሆን በሽታው ከመጀመሪያውም ስላልሄደ ነው። ዣንጥላ ዝናብን አያቆምም፤ ዝናቡ እስካለ ድረስ ከመበስበስ ያድናል። ዣንጥላውን አጥፎ የበሰበሰ ሰው «ዣንጥላው ለምዶብኝ ነው» አይልም። የሚለመደው በሽታው ነው። ሰውነት ከፍተኛውን ግፊት ስለሚለምደው ነው ሕመም የማይሰማው። ለዚህም ነው አንዳንዱ ሰው ክኒን በጀመረ ሰሞን ድካም የሚሰማው፤ ድካሙ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያልፋል።

ክኒኑ ጥቅም የለውም ለሚል ደግሞ ማስረጃው ከቆየ ሰንብቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆኑ 143 ወንዶችን ተከታተለ። ለ73ቱ መድኃኒት፣ ለ70ው መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ተሰጠ። በአማካይ ሁለት ዓመት ባልሞላ ክትትል ባዶውን ከወሰዱት 27ቱ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን ሁለት ብቻ! «በዕድሜ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ለሚሉ አረጋውያን ደግሞ በ1991 የታተመው ጥናት መልስ ይሰጣል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 4,736 ሰዎች ላይ ተደርጎ፣ ሕክምናው ምትን በ36 በመቶ ቀንሷል።

እውነት ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ሕክምናው የዕድሜ ልክ ነው። ክብደቱን የቀነሰና አኗኗሩን ያስተካከለ ሰው መድኃኒቱ ሊቀነስለት ይችላል። የሚቀንሰው ግን ለክቶ የወሰነው ሐኪም ነው እንጂ «ዛሬ ደኅና ነኝ» የሚለው ስሜታችን አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ዋግምት

ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ግፊትን በመጠኑ ሊቀንሱ እንደሚችሉ በጥናት ታይቷል። በምግብ ውስጥ መጠቀማቸው መልካም ነው። ነገር ግን 170 የደረሰን ግፊት በነጭ ሽንኩርት እመልሳለሁ ማለት የሚነድ ቤትን በጣሳ ውኃ ለማጥፋት እንደመሞከር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። መጠናቸው ያልታወቀ ሥራሥሮች ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ዋግምት (ሒጃማ) በሱና የታወቀ ነው። የሚሠራው ሰው ያወቀ፣ መሣሪያውም ንጹሕና ለሌላ ያልዋለ ሊሆን ይገባል። ይሁን እንጂ በየቀኑ የሚወሰደውን ክኒን አስትቶ የሚቀመጥ ሕክምና አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ አስተምረዋል። እንታከም ወይ ተብለው በተጠየቁ ጊዜም እንድንታከም አዘዋል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ላሰበው ሰውም መጀመሪያ እንዲያስርና ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል። ክኒን መውሰድ ሰበቡን ማድረስ ነው፤ ሺፋው ደግሞ ከአላህ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ጥቁር አዝሙድን የወደደ ሰው ክኒኑን እንዲጠላ ያዘዘው ሸሪዓ የለም።

በረመዳን ምን እናድርግ?

ብዙ ሕሙማን በረመዳን መድኃኒታቸውን ያለ ምክር ያቆማሉ። ሌሎች ደግሞ የቀኑን ክኒን ሁሉ በኢፍጧር ሰዓት በአንድ ጊዜ ይውጣሉ። ሁለቱም አደገኛ ነው። ትክክለኛው መንገድ ረመዳን ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ሐኪምን ማማከር ነው። ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ በሚወሰድ ክኒን፣ በኢፍጧር ወይም በስሑር ወስዶ፣ መጾም ይችላል። ሽንት የሚያበዙትን በስሑር ወስዶ ቀኑን በውኃ ጥም ከመዋል ይልቅ ወደ ኢፍጧር ማዛወር ይሻላል፤ ይህንንም ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ግፊት መለካት ጾምን አያበላሽም። ኢፍጧር ላይ ጨው የበዛበትን ሾርባና ሳምቡሳ መቀነስ፣ ውኃ መጠጣት ይበጃል።

ግፊቱ ያልተረጋጋ፣ ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ሐኪሙ አትጹም ካለው የአላህን ፈቃድ አይጥላ። በሱረቱል በቀራ አላህ (ሱ.ወ) ለበሽተኛ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል። መዳን የማይጠበቅለት ሰው ስለ ፊድያ ዓሊሞችን ይጠይቅ። ያገራውን ጌታ ማግራት መቀበልም ዒባዳ ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

የግፊት ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የወጡ ጨው በእናት እጅ ነው። ክኒን ማስታወስ የልጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ክኒኑን ከሶላት ሰዓት ጋር ማያያዝ፣ ለምሳሌ ዘወትር ከሱብሒ በኋላ መውሰድ፣ ከመርሳት ያድናል። ክኒኑ ሳያልቅ ቀድሞ መግዛት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል መሆን፣ ቀጠሮን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከባድ ነገሮች አይደሉም። ግፊት በዘር ስለሚሄድ የታመመ ወላጅ ያለው ወጣትም በዓመት አንዴ ይለካ።

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከከዳ፣ ንግግር ከተያዘ ምት ነውና ሰዓቱን መዝግባችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። «ግፊቱ ይውረድለት» ብላችሁ ትርፍ ክኒን አትስጡ፤ ከምላስ ሥርም ምንም አታኑሩ። ግፊትን በድንገት ማውረድ አንጎልን ይጎዳል፤ የሚውጠውም ሊያንቀው ይችላል። ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ብዥታ ያለበትም እንዲሁ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

እንግዲህ ወደዚያ ቤት እንመለስ። ልጅ ዛሬ መልሱን አውቋል። ይህን ግን በክርክር ሳይሆን በአደብ ይናገረው። «አባዬ፣ ይህ አካል የአላህ አማና ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ነገ ጠዋት ከሱብሒ በኋላ አብረን ጤና ጣቢያ ሄደን እንለካ፤ እኔም እለካለሁ» ይበላቸው። እናትም ነጭ ሽንኩርቱን ሳይተዉ የወጡን ጨው ይቀንሱ። በመስኮቱ ላይ ያለው ፓኮ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑ ይታይ፤ ካለፈበት በአዲስ ይተካ።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ ወላጆቻችንን በዓፊያ ያቆይልን፤ በሰጠን ኒዕማም በአግባቡ ከሚጠቀሙት ያድርገን። አሚን።